የሌላ ሰው ክኒን

መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ፍራፍሬ እሸጣለሁ። ያን ጊዜም ሥራዬ ይኸው ነበር። አውቶቡስ ሲቆም ማንጎና ሙዝ በመስኮት እየዘረጋች የምትጮኸው ሴት እኔ ነኝ። በዚያ መንገድ ወደ ወልድያ ያለፈ ሰው ድምፄን ሳይሰማ አልቀረም። ስሜ ፋጡማ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ፋጡማ ምላስ» ይለኛል። አልቀየምም። ምላሴ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የሰው ሕይወት አትርፏል። ልነግራችሁ የተነሳሁት ስለዚያ ነው።

እህቴ ሐያት የሚጥል በሽታ አለባት። እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደግኋት እኔ ስለሆንኩ እህቴም ልጄም ናት። ትንሽ ሆና ስትወድቅ ጂን ነው ያሉ ነበሩ፤ አፍንጫዋ ሥር ክብሪት እየጫሩ ጭሱን የሚያሸትቷት ነበሩ። ወልድያ ያለ ሐኪም ፌኖባርቢታል የሚባለውን ክኒን ካስጀመራት ወዲህ ግን መውደቅ ቀረላት። ትምህርቷን ገፋችበት፤ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ማታ ክኒኗን ስትውጥ «አለቃዬን ተሰናበትኩ» እያለች ትቀልድ ነበር። ያ ክኒን ለአንድ ቀን እንዳይቋረጥ በእሷም በእኔም ጭንቅላት ውስጥ እንደ ሃይማኖት ገብቷል።

ጦርነቱ ወልድያን ሲጠጋ ሐያት ከግቢ ወጥታ ከጓደኞቿ ጋር በእግሯ መርሳ ደረሰች። ብዙም ሳይቆይ መርሳም በታጣቂዎች እጅ ገባች። መንገድ ተዘጋ፤ መብራትና ስልክ ጠፋ፤ የመድኃኒት መደብሮቹ መደርደሪያ ባዶውን ቀረ። ጦርነት ሲባል ሩቅ ላለ ሰው ጥይት ብቻ ይመስለዋል። እኛ ግን ስኳር ያለበትንም፣ ግፊት ያለበትንም፣ ምጥ የጠናባትንም ቀብረናል።

ቅሬ የምንለውን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ቅሬ ይቀብራል፤ በሽተኛም በቃሬዛ ይሸከማል። የሰፈራችን ቅሬ ሰብሳቢ ሼህ ሙሄ ያን ክረምት አንድ ሐሳብ አመጡ። በየቤቱ የተራረፈ መድኃኒት ይሰብሰብና ላጣ ይድረስ አሉ። ሰው ከሣጥኑም ከትራሱ ሥርም ያለውን ይዞ መጣ። የመጣው ሁሉ በበሽታ በበሽታው ተለይቶ በሼህ ሙሄ ቤት አንድ አገልግል ውስጥ ገባ፤ የስኳሩ ለብቻ፣ የግፊቱ ለብቻ፣ የሚጥለው ለብቻ። በዚያ አገልግል ሕይወታቸው የተረፈ ሰዎች ዛሬም በሰላምታ ያልፉኛል። ስለዚህ ማንም ተነስቶ እንዲስቅብን አልፈልግም።

የሐያት ክኒን ያለቀው በዚህ መሀል ነው። ሼህ ሙሄ ከአገልግሉ ገና ያልተነካ ፓኮ አውጥተው ሰጡን። በላይ የሚባል ሰው ክኒን ነበር። በላይ የጎረቤታችን የእማማ ታየች ልጅ ነው፤ እንደ ሐያት ይጥለው ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄድ ትርፉን ክኒን እናቱ ዘንድ ትቶ ነበር። ሐያት ፓኮውን አገላብጣ አየችና ስሙ ሌላ ነው አለች። ካርባማዜፒን ይላል። ሼህ ሙሄ በሽታው አንድ ከሆነ መድኃኒቱም ያው ነው አሏት፤ እማማ ታየች ልጄ ሰው የሆነው በዚህ ነው ብለው ማሉላት። እኔም አመሰገንኩ። የአንዱ የስኳር መድኃኒት የሌላውን ስኳር ሲያስታግስ አይተን የለ? ሁላችንም ያሰብነው እንደዚያ ነው።

ክኒኑ ደግሞ ሠራ። ሐያት አልወደቀችም። ከሳምንት በላይ ደህና ሰንብታ አንድ ቀን አተኮሳት፤ ጉሮሮዋን አመማት፤ ዓይኖቿ ቀሉ። እማማ ታየች መጥተው ግንባሯን ዳሰሱና ምች ነው አሉ። ምች መሆኑን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም፤ ትኩሳት አለ፤ ከንፈሯ ላይ መቁሰል ጀምሯል። ዳማ ከሴ ጨምቀን ቀባናት፤ በእንፋሎቱም ታጠነች። በማግስቱ ከንፈሯ ሁሉ ውኃ ቋጠረ። ደረቷና ጀርባዋ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጣ፤ መሀሉ የጠቆረ። ከዚያ አፏ ውስጥ ቆሰለ፤ ምራቋን መዋጥ አቃታት።

ክኒኑን ግን ትውጥ ነበር።  ጉሮሮዋ ቆስሎ ውኃ እንኳ እያስለቀሳት ክኒኑን በጣቷ ገፋ አድርጋ ትውጠዋለች። ብትተወው ትወድቃለች፤ ታጣቂ ቤት ለቤት በሚፈትሽበት ሰዓት መውደቅ ደግሞ ለሁለታችንም ሞት መስሎ ይታየን ነበር። ጀርባዋን ላብሳት ብዬ ጨርቅ ባሳርፍ ቆዳዋ እንደ ተቀቀለ ቲማቲም ልጣጭ ተገፎ መጣ። ያኔ ምች አለመሆኑን አወቅኩ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ፈራሁ፤ ፍርሃቱ ደግሞ ወዲያው ወደ እልህ ዞረብኝ። ይህቺ ልጅ በእጄ አትሞትም አልኩ።

ከመርሳ ወጣ ብሎ ተራራው ሥር ካሉት የገበሬ ቤቶች ባንዱ፣ ሲስተር መሠረት የምትባል ነርስ ተደብቃ ነበር። ከወልድያ የሸሸች ናት። የጤና ባለሙያ መሆኗ ከታወቀ ቁስለኛ እንድታክም ይወስዱኛል ብላ ስለፈራች፣ የቤቱ እመቤት እህት ነኝ ብላ እንጨት ትለቅም ነበር። በሰላሙ ጊዜ ፓፓያ የምትገዛው ከእኔ ስለነበር አንድ ቀን ሸክም ተሸክማ ሳያት ለየኋት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰፈሬ ይህን ቢሰማ አያምንም።

ሄጄ ለመንኳት። ብዙ አላስለመነችኝም። ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ፣ ባንድ እጇ ቅል እርጎ ይዛ፣ በሽተኛ የምትጠይቅ ዘመድ መስላ በጠራራ ፀሐይ ቤቴ ገባች። ሐያትን አየቻት። አፏን ክፈቺ አለቻት፤ ዓይኖቿን አየች፤ ከዚያ ክንዷን በጣቷ በስሱ ነካ ስታደርገው ቆዳው ተንሸራተተ። ሲስተር መሠረት እጇን ሰበሰበች።

«አዲስ የጀመረችው መድኃኒት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አዲስ የለም። ያው የሚጥለው ነው።»

«አምጪው።»

ፓኮውን ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ተለዋወጠ። ቀድሞ የምትወስደው ይህን ነበር ወይ ስትለኝ፣ አይ ስሙ ሌላ ነው፣ በሽታው ግን አንድ ነው አልኳት።

«በሽታው አንድ ነው፤ ክኒኑ አንድ አይደለም» አለችኝ። «ይህ ክኒን ብዙ ሰው ያድናል። ከብዙ ሰው አንዱን ግን እንዲህ ያደርጋል፤ ቆዳውን ከሥጋው ያላቅቃል። ምች አይደለም ፋጡማ። እየጨረሳት ያለው የምትውጠው ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ፍሬ እንዳትውጥ።»

ሐያት ይህን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። በዚያ በቆሰለ አፏ «ከተውኩት እወድቃለሁ» አለች። ሲስተር መሠረት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ትወድቂ ይሆናል። ከመውደቅ ትነሻለሽ። ከዚህ ግን ክኒኑን ካልተውሽ አትነሺም።»

ሐያት ደግማ አልተከራከረችም። ክኒን ሳያቋርጡ መኖርን ያህል ክኒን ማቋረጥም ጀግንነት ሊጠይቅ እንደሚችል ያየሁት ያን ቀን ነው። ሐያት ግድግዳውን እያየች «እሺ» አለች፤ አለቀ።

ሲስተር መሠረት ወደ ጓሮ ጠርታኝ እውነቱን ነገረችኝ። እዚህ ከቆየች ወይ ቁስሉ መርዞ ይገድላታል፤ ወይ ብትተርፍ እንኳ ዓይኗ ይጠፋል። ሆስፒታል መድረስ አለባት። የወልድያው የማይታሰብ ነበርና የቀረን ደሴ ነው። ወደ ደሴ ደግሞ ጦርነቱ መሀል ላይ ተቀምጧል። ወረቀት ጻፊልኝ ስላት አልጻፈችም፤ ኬላ ላይ ቢገኝ እሷም እኔም እንጠፋለን። ፓኮውንም አትያዢ፣ መድኃኒት ካገኙ ይወስዱታል አለች። ስለዚህ ስሙን በቃሌ አስያዘችኝ። ካርባማዜፒን። «ሐኪም ስታገኚ ከስምሽ በፊት ይህን ተናገሪ» አለችኝ። መንገዱን ሙሉ እንደ ዚክር ደጋገምኩት።

ሌላም ነገር አዘዘችኝ። ቅቤ አይቀባ፤ ዳማ ከሴ ይቅር፤ ሌላ ክኒን ምንም ቢሆን አይሰጣት፤ የቋጠረው ውኃ አይፈርጥ። ዓይንና አፏን ጨው ጣል በተደረገበት፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እጠቡላት። ጨርቅ ቁስሉ ላይ ይጣበቃልና ታጥቦ የተወለወለ የሙዝ ቅጠል አንጥፉላት አለች። የሙዝ ቅጠል መርሳ ላይ ምን ጠፍቶ!

ቀጥዬ ሼህ ሙሄ ዘንድ ሄድኩ። የቅሬው ሰው ደጃፋቸው ተሰብስቦ ነበር። መሄዴ ቃሬዛ ልለምን ነበር፤ ሳያቸው ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

«እህቴን የገደላት ከእርስዎ አገልግል የወጣው ነው» አልኳቸው።

 ትልቅ ሰው ናቸው፤ እንዲህ የተናገራቸው አልነበረም። እማማ ታየች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሼህ ሙሄ የሆነውን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ሞታለች?»

«አልሞተችም። ደሴ ካልደረሰች ግን ትሞታለች።»

«እንግዲያው የመጀመሪያውን ትከሻ የምይዘው እኔ ነኝ» አሉ። «ቃሬዛውን አውጡ።»

ሽማግሌ ናቸው፤ ይቅርብዎት ያላቸው ብዙ ነበር። አልሰሙም። በማግስቱ ገና ሳይረፍድ ተነሳን። ሐያት እርቃኗን በሙዝ ቅጠል ላይ ተኝታ፣ በላይዋም ቅጠል ለብሳ፣ ዝናብ እንዳይነካት ከፍ ተደርጎ ሸራ ተወጠረላት። ስናነሳት እጇንም እግሯንም አልያዝንም፤ ከነቅጠሏ ነው ያነሳናት። አላለቀሰችም። ዓይኖቿ በዚያ ቀን ተጣብቀው ስለነበር «እታለም፣ ከፊቴ ሁኚ፤ ድምፅሽን ልስማ» ብቻ አለችኝ።

ቅሬ በሽተኛ ሲሸከም የራሱ ሥርዓት አለው። አንዱ ቅሬ እስከ ድንበሩ ያደርሳል፤ እዚያ ቀጣዩ ቅሬ ይቀበላል፤ የማን ልጅ ናት፣ ሃይማኖቷ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አስፋልቱን ትተን በውርጌሳ በላይ፣ በእግር መንገዱ ወደ አምባሰል ግርጌ አቀናን። ጭቃው ያንሸራትታል። ተኩስ ከሩቅ ይሰማል። ባንዱ መንደር ተረካቢዎቹ ማኅበርተኞች ነበሩ፤ ከጠበል ጠዲቃቸው ላይ ተነስተው ነው የመጡት። ሌላው ዘንድ ወጣቶቹ ሸሽተው ስለነበር ሴቶቹ ተሸከሙ። ሼህ ሙሄ ግን ድንበራችን ላይ አልተመለሱም። በየቦታው «በቃዎት፣ አባታችን» ሲባሉ «ገና ነኝ» እያሉ ተከተሉን።

ከሰዓት በኋላ ኬላ ላይ ደረስን። ታጣቂዎቹ ወጣቶች ናቸው። አንደኛው ቁስለኛ ወታደር ደብቃችኋል አለና ቅጠሉን ገለጥ አደረገ። ወዲያው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ተላላፊ በሽታ ነው፣ ተመለሱ ብሎ ጠመንጃውን አስተካከለ። ሼህ ሙሄ ሊያስረዱት ሞከሩ፤ አልሰማቸውም። የተሸከሙት ሰዎች ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

ቃሬዛውን አውርዱት አልኩና መንገዱ መሀል ላይ ተቀመጥኩ።

«አልመለስም» አልኩት። «ከተመለስኩ ትሞታለች። ከፈለግህ ግደለን። ካልገደልከን እዚሁ ነን፤ ስትሞት እያየሃት ትውላለህ።»

በዚህ መሀል ሐያት ጣላት። ክኒኑን ከተወች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል፤ ሰዎቹ ሊይዟት ሲሮጡ እንዳትነኳት ብዬ ጮህኩ። ብንይዛት ቆዳዋ እጃችን ላይ ይቀራል። የምንችለው ቢኖር ከሥሯ ያለውን ቅጠል ባንድ ወገን ከፍ አድርገን በጎኗ ማስተኛት ብቻ ነበር። ሼህ ሙሄ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ጫፉን ይዘው ቆዩ፤ ከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋል። ዘመን የሚያህል ጊዜ ቆይቶ ቆመላት። ትንፋሿ ተመለሰ። ቀና ስል፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የነበረ በዕድሜ ጠና ያለ ታጣቂ ተነስቶ አጠገባችን ቆሟል። ሐያትን ረዘም አድርጎ አያትና «ይለፉ» አለ። ወጣቱ ጠመንጃውን ወደ ጎን አደረገ። ተነስቼ ቃሬዛውን አንሱ አልኩ።

ያን ምሽት አንድ ገበሬ ቤት አደርን፤ በማግስቱ የጦርነቱን መስመር አልፈን ሐይቅ ከተማ ዳርቻ ላይ የጭነት መኪና አገኘን። ደሴ ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነበር። ስሜን ሲጠይቀኝ «ካርባማዜፒን» አልኩት። ወዲያው ገባው።

ወራት የሚመስሉ ሳምንታት አለፉ። ሐያት እንደ ቃጠሎ በሽተኛ ታከመች። ነርሶቹ በየጊዜው እየመጡ የዓይኗ ሽፋን ከብሌኑ ጋር እንዳይጣበቅ ያላቅቁ ነበር፤ ያን ጊዜ ብቻ ትጮሃለች፤ እኔ ደግሞ ከበሩ ውጭ ግንባሬን ግድግዳ ላይ እደግፋለሁ። ሐኪሙ ትተርፋለች አለን። ዓይኗን ግን እንጃ አለን። ሼህ ሙሄ ደሴ ዘመዳቸው ቤት አርፈው በየቀኑ ይመጡና በሩ ጥግ ይቀመጡ ነበር። አታይም አልተባለም፣ ታያለች አልተባለም። 

አንድ ቀን ፋሻው ተነሳ። ሐያት ዓይኖቿን በብርሃኑ እየጨፈነች እየከፈተች ወደ በሩ ዞረች። 

«ሼህ ሙሄ» አለች፣ «እንዲህ ከስተዋል እንዴ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔማ ወለሉ ላይ ለሱጁድ ተደፋሁ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ አንደኛ ሐያት ሌላ ዓይነት መድኃኒት በሐኪም ተመርጦላት አትወድቅም፤ ትምህርቷንም ጨርሳለች። ሁለተኛ እኔ ነገረኛ ሆኛለሁ። ሰው መድኃኒት ሲለዋወጥ ካየሁ ዝም አልልም። ከዚያ ቀን ወዲህ የሆነውን በማንም ላይ አሳብቤ አላውቅም፤ የቅሬያችን አገልግል ያዳነው ብዙ ነው፣ በላይም ዛሬ ድረስ ያንኑ ክኒን እየዋጠ ጤነኛ ነው። ግን አንባቢዬ፣ ይህን ያዝልኝ። ለጎረቤትህ የበጀው ላንተ ላይበጅ ይችላል፤ በሽታችሁ አንድ ቢሆንም። አዲስ መድኃኒት የጀመረ ሰው ትኩሳት ይዞት፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፉ ቆስሎ፣ ሰውነቱ ላይ ሽፍ ካለበት ምች ነው ብለህ አትለፈው። የምትውጠው ምንድን ነው ብለህ ጠይቀው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰደው፤ መንገድ ቢዘጋም ውሰደው። ደግሞም ያቃጠለውን መድኃኒት ስም እስኪሞት በቃሉ ይያዝ።

ሐያት ያ በሽታ የወሰደባት አንድ ነገር አለ። እንባ የላትም። ዓይኗ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ ከጠርሙስ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ካላረጠበው ይቆጠቁጣታል። ያ ጠብታ መርሳ አይገኝም፤ ከደሴ እስኪመጣ እየቆጠበች ነው የምትጠቀመው።

ሼህ ሙሄ ባለፈው ዓመት ሞቱ። ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ሴቱ ሁሉ ሲያለቅስ ሐያት በደረቅ ዓይኗ አጠገቤ ተቀምጣለች። ከኋላችን አንዷ፣ እንዲያ ለተሸከሟት ሰው አንዲት ዘለላ እንባ እንኳ አጣች ስትል ሰማሁ። ልመልስላት ዘወር ስል ሐያት እጄን ያዘችኝ። ከቦርሳዋ ጠርሙሷን አወጣች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ በሁለቱም ዓይኗ ጨመረች፤ ደግማ ጨመረች፤ ሞልቶ በጉንጮቿ እስኪወርድ ድረስ። አልጠረገችውም።

ሊያልቅብሽ ነው፣ ከደሴ የሚመጣ መኪና ነገም የለም አልኳት በጆሮዋ።

«ለሳቸው ያላፈሰስኩትን ለማን ላስቀምጠው ነው?» አለችኝ።